የነጋዴው እጅ ማርሽ የመሰለኝ ቀን

ነገሩ የሆነው አምና፣ ኢድ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ባቲ ገበያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ በየቀኑ እረሳለሁ። ያችን ቀን ግን ከነላቧ ከነሳቋ አልረሳኋትም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ትዝ ስትለኝ እስቃለሁ። ሰው ካየኝ ሻሼን አፌ ላይ ጎተት አደርጋለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሀያት ናት። ከሚሴ ውስጥ የልጅ ልጆቼ አኮ ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። «አኮ፣ ይሄንን እንኳ እንተወው፣ ያሳፍራል» ያለችኝ ቦታ አለ። እምቢ ብያለሁ፤ እሱም ይጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ልጄ ስለ ሰይድ ልንገራችሁ። ሰይድ የሀያት አባት ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በባለ ተሳቢ መኪና ከጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ጭነት ሲያስተካክል ከላይ ወደቀና ወገቡን ተጎዳ። አልሀምዱሊላህ፣ ይራመዳል፤ ወንበር ላይም ይቀመጣል። ሐኪሙ ግን «ከእንግዲህ የከባድ መኪና መንገጫገጭ ለአንተ አይሆንም» አለው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ዝም አለ። ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነው። ወንበሩን በረንዳ ላይ ያወጣና የሚያልፈውን መኪና ያያል። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ፍሬኑ አልቋል»፣ «ይሄ ከልኩ በላይ ጭኗል» ይል ነበር። ኋላ እሱንም ተወው። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፣ አለቀ። የሚጮህ ሰው ነበር እኮ! ድሮ ከመንገድ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ነው ቤት የሚገባው። ዶሮ ይሸሽ ነበር። ዝምታውን የፈራሁትን ያህል የወገቡን ነገር አልፈራሁትም።

ሀያት ፎቶ ኮፒ የምታነሳበት፣ የሰርግ ካርድ የምትሠራበት ትንሽ ቤት አላት። ኮምፒውተሯ ጉልበተኛ ነው ትላለች። አንድ ቀን እሱን ወደ ቤት አመጣችው። የከባድ መኪና መንዳት ጌም ጫነችበት፤ የጌሙን መሪና ማርሽ ጠረጴዛው ላይ፣ ፔዳሉን ከስሩ አሰረች፤ አባቷን አስቀመጠችው። ሰይድ አምስት ደቂቃ ያህል ነዳ። ከዚያ መሪውን ለቀቀው።

«ቴሌቪዥን ነው እንዴ የምነዳው? ስፖኪዮ ለማየት ዞር ስል ያለው የእናንተ ግድግዳ ነው» ብሎ ተነሳ።

እኔ አዘንኩ። ሀያት ግን ዐይኗ በራ። «ልክ ብሏል እኮ አኮ! ዞር ሲል ስፖኪዮው እዚያው እንዲጠብቀው ነው የሚፈልገው። የቪአር መነጽር ነው የሚያስፈልገው።»

መነጽር ይሉታል እንጂ ፊት ላይ የሚታሰር ሳጥን ነው። ውስጡ ሁለት መስታወት አለ፣ ለያንዳንዱ ዐይን አንድ አንድ። ሲያስሩትና ሲበራ የተቀመጡበት ቤት ይጠፋል፤ ጋቢና ውስጥ ነዎት። ወደ ግራ ሲዞሩ የግራው ስፖኪዮ፣ ቀና ሲሉ የጋቢናው ጣሪያ አለ። ሀያት ስልኳ ላይ ስለዚህ ነገር ስታነብ ከረመች። እየሮጡ እየዘለሉ ለሚጫወቱት ጌም የሚሆነው ሌላ ነው፣ ቁጭ ብለው ለሚነዱት የሚሆነው ሌላ ነው አለችኝ። የአባቷ መነጽር ከኮምፒውተሩ ጋር የሚስማማ፣ የፍጥነቱና የነዳጁ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚነበብበት፣ ብዙ ቢያደርጉት አንገት የማይሰብር መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስታወቶቹ ለባለቤቱ ዐይን ልክ መሆን አለባቸው። በሁለቱ ዐይን መሀል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል አሉ። ካልገጠመ ሁለት ሁለት ያሳያል፣ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል።

አንዴ ካስመለሰው ሰይድ ሁለተኛ አይነካውም። ይህን እኔም እሷም እናውቃለን። ሀያት ደግሞ ገዝታ፣ አልሆነም ብላ ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም። አንዴ ነው የምንመርጠው።

ስለዚህ አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ አባቷ ጋደም ሲል ማስመሪያ ይዛ ሄደችና አፍንጫው ላይ አስጠጋችው። ቁጥሩን እንዳነበበች ነቃ።

«ምን ሆነሻል?»

«ቢምቢ ነበረ አባዬ።»

«ቢምቢ በማስመሪያ ነው የሚመታው?»

እየሮጠች ወጣች። በረንዳ ላይ እኔን ስታይ ቆመች። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ማስመሪያውን እኔ አፍንጫ ላይ አደረገችው።

«አኮ! አንድ ነው! የአባዬ ዐይን ያንቺው ነው!»

እንዴ፣ የወለድኩት እኔ፣ ምን ይገርማል? ሁለታችንም ዐይናችን ወደ አፍንጫችን ጠጋ ያለ ነው። ጭንቅላታችንም ትልቅ ነው፤ ልጅ ሆኜ በዚህ ስንት ተሰድቤበታለሁ። አሁን ግን ሀያት «አንቺ ላይ ልክ የሆነ አባዬም ላይ ልክ ይሆናል» አለች። ሌላም ምክንያት ጨመረች። እኔ መኪና ያመኛል። ከዚህ እስከ ጨፋ ሮቢት እንኳ ሎሚ ሳልይዝ አልሳፈርም። «አንቺን ካላስመለሰሽ ማንንም አያስመልስም» አለችኝ። ሰው በዕውቀቱ ይመረጣል፤ እኔ በሆዴ ተመረጥኩ።

ባቲ ላይ ከድር የሚባል ነጋዴ ሁለት ዓይነት መነጽር እንዳለው ስልክ ደውላ አረጋገጠች። በገበያው ቀን ማልደን ተነሳን። ለሰይድ «የታመመ ዘመድ እንጠይቃለን» አልነው፤ አላህ ይቅር ይበለን። ኮምቦልቻ ላይ አንዴ አስመለሰኝ። ባቲ ልንደርስ ስንል አንዴ፣ እሱም ሀያት ጫማ ላይ። እንተወው ያለችኝ ይሄንን ነበር።

ባቲን በእግሬ ነው የማውቃት። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በግመል ጨው ይነግድ ነበር። በወጣትነቴ አብሬው እየሄድኩ ጭነት አስሬያለሁ፣ ፈትቻለሁ። የግመሉ ተራ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ያው አቧራ፣ ያው ጩኸት። ሀያት እጄን ባትጎትተኝ እዚያው ስዞር ይመሽብኝ ነበር። አንዲት ነጭ ግመል ነበረች፣ ማሻአላህ፣ ሽፋሽፍቷ ብቻ... ተዉት፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ያለሱ የመጣው አይገባችሁም። ባቲ ላይ ግመል ሲሸጥ ዋጋ በአፍ አይወራም። ሻጭና ገዥ በፎጣ ወይም በሽርጥ ስር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ጣት በመጭመቅ ነው የሚነጋገሩት። ስንት ጣት እንደያዝክ፣ እንዴት እንደጨመቅክ ዋጋው እሱ ነው። አጥብቀህ ጨብጠህ ወደ ታች ከሳብክ ተስማማሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አልፈልግም የሚል ሰው ስሙ ይጠፋል።

የከድር ሱቅ ከግመል ተራው አለፍ ብሎ ነው። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ የፀሐይ መብራት ይሸጣል። ከድር ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሙቀቱ አይቻልምና ትከሻው ላይ ትልቅ ፎጣ ጣል አድርጎ ላቡን ይጠርጋል። ደጁ ላይ ጥላ ስለነበረ የግመል ደላሎች ዱላቸውን ተደግፈው ያርፉበታል።

«አከም ጅርቱ እናቴ፣ ደህና ነዎት? ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ለልጄ የጌም መነጽር ፈልጌ ነው።»

«ማሻአላህ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

ደጅ ያሉት ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሩ።

ከድር ሁለቱንም አወጣ። አንዱ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ገመድ የሌለው ነው። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም ገመድ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነው። «ነጩን ይውሰዱ። አሁን ሰው የሚወደው ይሄንን ነው። ጥቁሩ በገመድ እንደታሰረ ጥጃ ነው» አለ። ሀያትም በልቧ ነጩን እንደወደደችው አውቄባታለሁ፤ ስልኳ ላይ ያየችው እሱን ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ መሪ፣ ማርሽና ፔዳል የታሰረበት ኮምፒውተር ስለነበረ «ይሞክሩት» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ከሻሼ በላይ አደረግኩት።

ሱብሃነላህ! ባቲ ጠፋች። ከድርም፣ ደላሎቹም፣ ሀያትም ጠፉ። ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ከፊቴ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ተራራ። ዝናብ መስኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። በባቲ ሙቀት ውስጥ ዝናብ! እጄን ዘርግቼ ልጠርገው ስል አየር ዳበስኩ። ሰው ሳቀ።

«ነዳጅ ይርገጡ እናቴ!» አለ የከድር ድምፅ ከሰማይ።

ረገጥኩ። ሄደ! እኔ ነኝ የምነዳው! በዚህ ዕድሜዬ፣ ያንን የሚያህል መኪና! መንገድ ዳር አንድ ሰውዬ ቆሟል። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ማንን ነው አኮ?» አለች ሀያት።

«መንገድ ዳር የቆመውን። ዝም ብዬ ልለፈው እንዴ?»

ሳቁ ሱቁን አናጋው። እኔም ሳቅኩ፤ መኪናውም አብሮኝ ተወላገደ። ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር መጣብኝ። መንገዱ ሁለት ሆነ። ተራራው ሁለት ሆነ። ቁልቁለት ጀመረና ከታች ሁለት ድልድይ አየሁ። የቱ ላይ ልሂድ? ሆዴ ተነሳ። የመኪናው ፍጥነት እየባሰበት ሄደ።

«ሱታ! ሱታ!» ይላሉ ደላሎቹ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። የምነዳውን እነሱ ቴሌቪዥኑ ላይ ያያሉ።

«ማርሽ ይቀንሱ እናቴ! በቀኝ በኩል ነው! ወደ ታች ይሳቡት!» አለ ከድር።

ማርሹ በቀኝ በኩል ይታየኛል፣ እሱም ሁለት ሆኖ። እጄን ሰደድኩ፤ ጨርቅ ነካኝ፤ ከጨርቁ ስር ማርሹን አገኘሁት። ሙቅ ነው። ማርሽ ሙቅ ይሆናል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ መኪናው ብዙ ስለሄደ ነው አልኩ። በአምስቱም ጣቴ አጥብቄ ጨበጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ታች ሳብኩት።

«ጨበጠች!» አለ አንዱ።

«ኧረ ጨበጠች! አምስቱንም ጣት! ተሸጠ!»

እኔና መኪናው ወንዝ ውስጥ ገባን።

መነጽሩን ሳወልቀው በከድር ፎጣ ስር የከድርን እጅ ይዣለሁ። ማርሹን ሊያሳየኝ ጎንበስ ሲል ፎጣው ከትከሻው ወርዶ እጁን ሸፍኖታል። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ከድር የጠየቀው ዋጋ አራት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር አሉ፤ እኔ አምስት ሰጠሁት። ፊቱ በላብና በደስታ ያበራል።

«በረካ ያድርግላችሁ!» አለኝ።

ሀያት ነጭ ወረቀት መሰለች። «አኮ፣ ይሄኛው ሁለት ሁለት ነው ያሳየሽ አይደል?» አለችኝ በጆሮዬ።

«አዎ። መስታወቱን አጥብቡልኝ።»

«መጨረሻው ነው እናቴ፣ ከዚህ በላይ አይጠብም» አለ ከድር።

ለኔ ካልጠበበ ለሰይድም አይጠብም። ልጄ ሁለት ድልድይ ሊያይ ነው፤ ሊያስመልሰው ነው፤ ወደ በረንዳው ሊመለስ ነው። ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን በዚህ ገበያ ሲነግድ ጨብጦ የከዳበት ቀን የለም። እኔ ባለቤቱ እዚያው ገበያ ላይ ልክድ?

«ከጨበጥኩ ጨብጫለሁ፤ ምን ይደረጋል» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ከደላሎቹ ሽማግሌው ተነሳ። አያ ይመር ይሉታል። ጢሙን በሂና አቅልሟል። ዱላውን ወለሉ ላይ መታ አደረገና ሰውን ዝም አሰኘ።

«እህቴ፣ ዱጋ ዱበዱ፤ እውነቱን ተናገሪ። ስትጨብጪ ዐይንሽ ያይ ነበር ወይስ ተሸፍኖ ነበር?»

ሀያት ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ተሸፍኖ ነበር እንድል ነው። ገባኝ። ግን እንዴት አድርጌ ልዋሽ?

«ያይ ነበር» አልኩ።

ሀያት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምን ያይ ነበር?» አለ አያ ይመር።

«ገደል። ድልድይ። ሁለት ድልድይ።»

«ከድርስ ነበረ?»

«ከድር የለም።»

«እኔስ ነበርኩ?»

«አንተም የለህም፤ ይቅር በለኝ።»

«ባቲስ?»

«ኧረ ባቲም የለች! ዝናብ ነው ያለው።»

«ታዲያ የማንን እጅ ነው የጨበጥሽው?»

«እጅ አልጨበጥኩም። ማርሽ ነው።»

አያ ይመር ወደ ከድር ዞረ። «ሰማህ? ይች ሴት ከአንተ ጋር አልተዋዋለችም። የተዋዋለችው ከማርሹ ጋር ነው፣ ያውም ባቲ ላይ አይደለም። ማርሹ ይምጣና ይክሰሳት።»

እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ደላላ መሬት ላይ ተቀመጠ። የግመል ተራው ሰው ሳይቀር ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ። ከድር ራሱ ሆዱን ይዞ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። «እሺ፣ ለማርሹ ለቅቄለታለሁ» አለ። አላህ ይስጠው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር።

ከዚያ ጥቁሩን አመጣ። የዚህኛው ከስሩ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የምትዞር ነገር አለችው። እኔ እያየሁ ሀያት ቀስ እያለች አዞረቻት። ሁለቱ ድልድዮች እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ትንሽ ጠጋ፣ ትንሽ ጠጋ አሉና አንድ ሆኑ። አንድ ድልድይ! ጥርት ያለ! የፍጥነቱ ቁጥር እንኳ ቁጭ ብሎ ይታያል። ቁጥር አውቃለሁ፤ ገበያ አስተምሮኛል። «ሠላሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው አጨበጨበ።

ግን ከበደኝ። ክብደቱ ሁሉ ግንባሬ ላይ ነው። አንገቴ ወደ ፊት ሄደ፣ አንገቴን ተከትሎ ጀርባዬ ጎበጠ። ሀያት አየችኝና ክፍት አላት። «የአባዬ ወገብ ይሄንን አይችልም» አለች። ከድርም ነጩ ቀላል እንደሆነ ሊያስታውሰን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። እንዴ፣ ይሄማ ጭነት ነው! ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ጭነት። ግመል ላይ በግራ የጫንከውን ያህል በቀኝ ካልጫንክ ጀርባዋ ይላጣል። ጭነቱን አትቀንስም፤ ማዶ ለማዶ ታስተካክላለህ። ከሱቁ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ማሾ፣ ያችን ደቃቃ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ትሸጣለች። አንድ ጣሳ ገዛሁ። የሀያትን መሀረብ ተቀብዬ በውስጡ ቋጠርኩ። ሻሼ ላይ መርፌና ክር አይጠፋም፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ቋጠሮውን ከመነጽሩ የኋላ ማሰሪያ ጋር ሰፋሁት። ሲበዛ በእፍኝ ቀነስኩ፣ ሲያንስ መለስኩ። አያ ይመር አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ትንሽ ጨምሪ። በቃ። አሁን ቆመ» ይለኛል፤ እሱም ጭነት ያውቃላ።

መልሼ አደረግኩት። ራሴ ላይ የለም አልላችሁም፤ አለ፤ ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አንገቴም ቀጥ አለ።

«ወላሂ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይሄንን አላሰቡትም» አለ ከድር።

ያን ቀን ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ። ደላሎቹ ከኋላዬ እንደ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ይሉኛል። «ቁጭ በሉ፣ ገና ነው» እላቸዋለሁ። የከሰዓቱ የዓስር አዛን እስኪል ነዳሁ። ሆዴ ዝም። ሎሚዬን ሳልነካው እንዳለች ነበረች። ዋጋውን የተነጋገርነው በአፍ ነው፤ እኔ እስኪያልቅ ድረስ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ።

በማግስቱ ቤት ውስጥ ሀያት ሁሉንም ሰካካችና አባቷን ጠራችው። መጣ፣ አየ፣ ማሾውን ዳበሰ።

«እኔ ሕፃን ነኝ?» አለ። ሊወጣ ዞረ።

ሀያት አንገቷን ደፋች። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ። እውነቱን ልናገርና መንዳቱ አምሮኝ ነበር። «እንግዲያው እኔ ልንዳ» ብዬ ተቀመጥኩና አሰርኩት። ሰይድ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ አላየሁትም፤ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ቁልቁለት መጣ።

«እማ፣ በአምስተኛ ነው የምትወርጂው?» አለ ከኋላዬ።

«በስንተኛ ነው ታዲያ?»

«ቀንሺ! ጭነት አለሽ እኮ! ፍሬኑን እንዲህ ረግጠሽ ከያዝሽው ያቃጥላል። ቀንሺ እላለሁ!»

«አትጩህብኝ፣ እየነዳሁ ነው።»

«ኧረ በአላህ፣ ስፖኪዮ እይ! ከኋላሽ መኪና አለ! ተነሺ! ተነሺ ውረጂ ከመኪናዬ!»

ከመኪናዬ አለ። ሰምታችኋል? ከመኪናዬ።

ዘልዬ ወረድኩ። መነጽሩን ከራሴ ነቅሎ ራሱ ላይ አሰረው። ሀያት ቁልፏን ልታዞርለት እጇን ዘረጋች፤ «ተይው፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል» አላት። የኔ ዐይን ነዋ! ተቀመጠ። መሪውን ያዘ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ቆየ። ወደ ቀኝ አዞረ፣ ቆየ። ማርሹን ሲቀንስ እጁ ማርሹን ሳይፈልግ አገኘው፤ እንደኔ የሰው እጅ አልጨበጠም። ያስመልሰው ይሆን? ያወልቀው ይሆን? ጊዜው ረዘመብኝ።

ድንገት አንዲት ቀይ መኪና ከጎን መጥታ ፊቱ ገባች።

ሰይድ ክላክሱን ተጫነው። «አንተ! ዕውር! መንጃ ፈቃዱን ማን ነው የሰጠህ? በጭነት መኪና ፊት እንዲህ ይገባል? አባትህ ያስተማረህ ይሄንን ነው?» ቀጠለ። ያልሰደበው ዘመድ የለም። ድምፁ ጣሪያውን መታ። ከማዶ ያሉት ጎረቤቶች ወጡ። ውሻው ጮኸ።

አስተግፊሩላህ፣ ልጄ ሰው ሲሰድብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሀያትን አቀፍኳት። እየዘለልን እንስቃለን፤ እሱ አያየንም።

ሚስቱ ሉባባ ገበያ ውላ መምጣቷ ነበር። ዕቃዋን እንደተሸከመች በር ላይ ደርቃ ቆመች።

«ከማን ጋር ነው የሚጣላው?»

«ከቀይ መኪና ጋር» አልኳት።

ትንሽ አዳመጠችው። ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የቀዩ ነው።»

«እንግዲያው ይስደበው» አለችና እንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ወገቡ አልዳነም፤ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይንጎራደዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በረንዳው ላይ ያለውን ወንበር አሁን እኔ ነኝ የምቀመጥበት። ባቲ ላይ በሰው ፊት የሆንኩትን ሳስበው አፍራለሁ፣ ከማፈሬ ግን ሳቄ ይቀድማል። አያ ይመርንና ከድርን በየሰላቴ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የሰይድ ጩኸት ሲጀምር በመንገዱ የሚያልፉ ጎረቤቶች ቆም ይሉና «ሰይድ ዛሬም ተናዷል?» ይሉኛል።

«አዎ» እላቸዋለሁ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬም ተናዷል።»